ምስጋና ድስት አይጥድም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሰርተፊኬት ነው።

ሰኔ 30 አልፎ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በየመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ባነር ይሰቀላል። «የዕውቅናና የምስጋና መርሐ ግብር» ይላል። ኃላፊው ማይክ ይዘው «ትልቁ ሀብታችን የሰው ኃይላችን ነው» ይላሉ። ስም ይጠራል፣ ይጨበጨባል፣ በፍሬም የገባ ወረቀት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ይለጠፋል። ትልቁ ሀብታችን የተባለው ሰው ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ወሩ ሃያ ሲል ደግሞ ከጓደኛው ይበደራል።

በሰርተፊኬት ላይ ጠብ የለኝም። ሰው ሲመሰገን ደስ ይለዋል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ጠቤ ምስጋና የደመወዝ ምትክ ተደርጎ ሲቀርብ ነው። «ሠራተኛን የሚያነሳሳው ገንዘብ ብቻ አይደለም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እውነት ናት። ግን በዚህች እውነት የተሸፈነው ግፍ በዝቷል። አለቃ ደመወዝ መጨመር ሲከብደው ይጠቅሳታል። አሠልጣኝ የሚናገረው ሲያልቅበት ይጠቅሳታል። ባለሥልጣን የጭማሪ ጥያቄ ሲነሳበት «ሀገር በገንዘብ አይለካም» ብሎ ያሳምራታል። ስለዚህ ዛሬ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከነምንጯ አውጥተን እንያት።

ግማሹ ብቻ የተነበበ መጽሐፍ

የማኔጅመንት ኮርስ የወሰደ ሁሉ ሁለት ስሞች ያውቃል፤ አብርሃም ማስሎውና ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ።

ማስሎው በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በደረጃ አስቀመጠ። ከታች ምግብ፣ ውሃና እንቅልፍ፤ ቀጥሎ ደኅንነት፤ ከዚያ ፍቅርና ወገን፤ ከዚያ ክብር፤ ከሁሉ በላይ ተሰጥኦን አውጥቶ መጠቀም። የእኛ ሥልጠናዎች ፒራሚዱን በስላይድ ያሳዩና ከላይኛው ፎቅ ይጀምራሉ። «ሠራተኛው ተሰጥኦውን የሚያወጣበት መድረክ እንፍጠር» ይባላል። የምድር ቤቱ ኪራይ አለመከፈሉን የሚያነሳ የለም።

ኸርዝበርግ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ስለ ሥራቸው ጠይቆ ያገኘውን ጻፈ። በሥራ ላይ የሚያስደስተውና የሚያስከፋው ነገር የተለያየ ነው አለ። ስኬት፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነትና የሥራው ይዘት ሰውን ያነሳሳሉ። ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይ፣ የሥራ ሁኔታና የመሥሪያ ቤት ደንብ ግን ሲጎድሉ ያስመርራሉ፤ ሲሟሉ ምሬቱን ያስታግሳሉ እንጂ ብቻቸውን ሰውን አያነሳሱም።

አሠልጣኞቻችን ከዚህ ሁሉ «ደመወዝ አያነሳሳም» የምትለዋን ቆርጠው ያዙ። «ሲጎድል ያስመርራል» የምትለዋ መንገድ ላይ ወደቀች። ከዚህም በላይ የተጠየቁት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ማንም አይነግረንም። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ሥራ የያዙ መሐንዲሶች ናቸው። የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ጥያቄያቸው ከተመለሰላቸው ሰዎች የተገኘን መልስ፣ በወር መጨረሻ ለትራንስፖርት ብር ለሚበደር የወረዳ ሠራተኛ ማንበብ ምን ይሉታል? የጠገበ ሰው ስለ ምግብ የተናገረውን ለተራበ መስበክ ነው።

ፎርድ ያሰላው ሒሳብ

ገንዘብ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማየት ለሚፈልግ የሄንሪ ፎርድ ታሪክ አለ።

በ1913 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት አጠገብ ያለው የመኪና ፋብሪካው ሠራተኛ መያዝ አቅቶት ነበር። የዓመቱ የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ደረሰ። በአንድ የሥራ ቦታ ላይ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ሰው ይቀያየር ነበር ማለት ነው። በጥር 1914 እ.ኤ.አ. ፎርድ የቀን ክፍያውን ከ2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፤ የቀኑንም ሥራ ከ9 ሰዓት ወደ 8 ቀነሰ። በ1915 ፍልሰቱ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ሰውዬው ጻድቅ ስለሆነ አላደረገውም። በየወሩ አዲስ ሰው እየቀጠሩ ማሠልጠን ከደመወዝ ጭማሪው እንደሚበልጥ ሒሳቡ ስለገባው ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ያ 5 ዶላር ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። ከክፍያው ግማሽ ያህሉ «የትርፍ ድርሻ» የሚባል ሲሆን የኩባንያው መርማሪዎች የሠራተኛውን ቤት እያንኳኩ ይጠጣል ወይ፣ ይቆጥባል ወይ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ እያሉ ካጣሩ በኋላ የሚፈቀድ ነበር። ገንዘቡ ሰውን በፋብሪካው አቆየው፤ ክብሩን ግን አልመለሰለትም። ሠራተኞቹ ታግለው በ1941 እ.ኤ.አ. ፎርድ የሠራተኛ ማኅበራቸውን እንዲያውቅ አስገደዱት።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ደመወዝ መሠረት ነው፤ ክብር ጣሪያ ነው። ጣሪያ የሌለው መሠረት ቤት አይሆንም። መሠረት የሌለው ጣሪያ ደግሞ ሰው ላይ ይወድቃል። እኛ አገር እየወደቀ ያለው ሁለተኛው ነው።

«ሥራ አይወዱም»

ሩቅ አገር ስንዞር አንቆይ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ እንደሚፈጥር ተነግሮለት ነበር። በግንቦት 2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት በፓርኩ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ። ያው ጥናት ለባንግላዴሽ 95፣ ለኬንያ 207 ዶላር አስቀምጧል። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሙሉ በሙሉ ይቀያይሩ እንደነበርም ጽፏል።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ምሁራንም በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፋፍለው ተከታትለው ነበር። ድርጅቶቹ ውስጥ ከተቀጠሩት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ወጡ፤ በዓመቱ 77 በመቶው ለቀቁ። በሌላ በኩል ወደ 300 ዶላር መነሻና አጭር የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ። የፋብሪካው ሥራ ግን ሠራተኛው ውጭ ተሯሩጦ ከሚያገኘው የተሻለ ገቢ አላመጣም፤ የጤና ችግሩንም አብሶታል።

በዚያን ጊዜ የባለሀብቱና የባለሥልጣኑ መልስ አንድ ነበር። «የሥራ ባህል የላቸውም።»

ሌሊት ተነስታ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ከብት አሰማርታ ትምህርት ቤት ትሄድ የነበረች የገጠር ልጅ የሥራ ባህል የላትም ተባለ። ልጅቱ የሥራ ባህል አላት፤ ሒሳብም ታውቃለች። ለሦስትና ለአራት ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ 750 ብሩን ለኪራይ፣ ለምግብና ለሳሙና ስታካፍለው የቀረውን አይታለች። ከዚያ ሻንጣዋን አነሳች። ከሷ ይልቅ ሒሳብ ያልገባው በ26 ዶላር «ታታሪና ታማኝ» ሰው አገኛለሁ ብሎ የመጣው ነው። ለዚህች ልጅ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ብላችሁ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉላት ከመሄድ ያቆያታል?

የደመወዝተኛው ሒሳብ

«ያ ድሮ ነው፤ አሁን ደመወዝ ተጨምሯል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ሆኗል። ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው መጠንም ከ600 ወደ 2,000 ብር ወጥቷል። ጭማሪን አላጣጥልም፤ ለብዙ ቤት ትንፋሽ ሰጥቷል።

ግን እናስላው። ከ11,500 ብር ላይ የገቢ ግብሩ 2,100 ብር ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 805 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595። በዚህ ላይ «በፈቃደኝነት» የሚቆረጠውን መዋጮ አልቆጠርኩም። አሁን በሰፈራችሁ አንድ ክፍል ቤት በስንት እንደሚከራይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ቀንሱት። ታክሲና ዘይት ቀንሱ። አራት ዓመት ተምሮ የተመረቀ ሰው ነው የምናወራው።

ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በኋላ የመጣ የደመወዝ ጭማሪ የጎደለውን ጉድጓድ ለመድፈን የተወረወረ አፈር ነው። ጉድጓድ መድፈን መልካም ነው፤ ግን «ማትጊያ» አይባልም። ማትጊያ የሚጀምረው ሰው ከደልዳላው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

የግል ዘርፉ ከዚህም ይብሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ተቆጠሩ፤ የግል ተቀጣሪው ግን ከዚህ በታች አይከፈለኝም የሚልበት ወለል ሳይኖረው ኖሯል። ወለል የሌለው ሰው ስለ «ሠራተኛ ተነሳሽነት» ሲሰበክ ይውላል።

ኮከቡ የሠራበት ቦታ

ክርክሬን ሊያፈርስብኝ የሚችል አንድ ማስረጃ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ነውር ነው። በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ በፀጉር ቤቶች በኩል የሴቶች ኮንዶም እንዲሸጥ የተደረገ ሙከራ ነበር። ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ኬልሲ ጃክ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ለአንዳንዱ ፀጉር ሠሪ ከሽያጩ ኮሚሽን ተሰጠው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ በሸጠ ቁጥር ደንበኛ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ኮከብ ተለጠፈለት። ኮከብ የተለጠፈላቸው ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሸጡ። ገንዘብ ተሸነፈ፤ ዕውቅና አሸነፈ።

«ይኸው!» ይላል አለቃ። ቆይ ጌታዬ። ፀጉር ሠሪዎቹ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት ፀጉር ሠርተው ነው፤ ኮንዶሙ ተጨማሪ ነበር። ማንም «ፀጉር በነፃ ሥሩ፣ ኮከብ እንሰጣችኋለን» አላላቸውም። ሌላም አለ። ኮከቡ የተለጠፈው በተቆጠረ ሥራ ልክ ነው። ማን ምን ያህል እንደሸጠ ሁሉም ያያል። የአለቃ ዘመድ ስለሆነ፣ በስብሰባ ላይ ስላጨበጨበ ወይም ተራው ስለደረሰ ኮከብ ያገኘ የለም።

የእኛን ዕውቅና ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ፣ ካይዘን መጣ። በየተራቸው የምዘና ቅጽ ይዘው መጡ። ሠራተኛው ቅጹን መሙላት ተማረ። ሁሉም ከ90 በላይ ያገኛል፤ ሰልፉ ግን አይቀንስም። ሽልማቱም በዙር ይደርሳል፤ «ዘንድሮ ከፋይናንስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከግዥ።» እንዲህ ያለ ዕውቅና ጎበዙን ያሳፍራል፤ ሰነፉን ያስቃል። የዛምቢያው ኮከብ ከወረቀት ነው፤ የእኛም ሰርተፊኬት ከወረቀት ነው። ልዩነቱ የዛምቢያው እውነት መሆኑ ነው።

ገንዘብ ያልሆነ ማበረታቻ ዋጋ ያስከፍላል

እዚህ ላይ ነው ከአለቆች ጋር የምንለያየው። እነሱ «ገንዘብ ያልሆነ ማበረታቻ» ሲሉ ነፃ የሆነ ነገር ማለታቸው ነው። እውነተኛው ግን ነፃ አይደለም፤ ወይ በጀት፣ ወይ የአለቃን ሥልጣን ይጠይቃል።

የፐብሊክ ሰርቪስ ባስ አስቡ። ጧት የመንግሥት ሠራተኛውን ከሰፈሩ አንስቶ ወደ ሥራው ያደርሰዋል። ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ግን በየቀኑ ኪስ ውስጥ የሚቀር ብር ነው፤ ሰልፍ ላይ የማይጠፋ ሰዓትም ነው። የሕፃናት ማቆያም እንዲሁ። ሕጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲያዘጋጁ ይላል። ማቆያ ያለው ቢሮ የምትሠራ እናት ልጇን ለጎረቤት ትታ ስልኳን ስትቀጠቅጥ አትውልም። የደረጃ ዕድገት በግልጽ ውድድር መሆኑ ለአለቃው አንድ ብር አያስወጣውም፤ የሚያስወጣው የወንድሙን ልጅ መሾሚያ ዕድል ነው። ለዚህ ይመስለኛል ከሰርተፊኬቱ ይልቅ የሚከብደው።

በነፃ የሚሰጥ ምስጋና ምን እንደሆነ እኔም በሙያዬ አውቀዋለሁ። ቀጣሪ የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ፤ በጽሑፍ ልክ እከፈላለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት የፈጀ ሥራ ላስረከብኩት ተቋም ክፍያዬን ስጠይቅ «ስምህ ወጥቶልሃል እኮ» ተባልኩ። ስሜ እውነትም ወጥቶ ነበር። አከራዬ ግን አላነበቡትም።

በመሥሪያ ቤቱ በኩል ደግሞ ሌላ በሽታ አለ። ደመወዝ ሲያንስ ውሎ አበል ደመወዝ ይሆናል። አዳማና ቢሾፍቱ ያሉ ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ በሥልጠናና በስብሰባ የሚጨናነቁት ለምን ይመስላችኋል? ባለጉዳዩ ደጅ ሲጠና «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባለው ለምን ይመስላችኋል? ሥራው ቢሮ ነው፤ ገንዘቡ ስብሰባ ላይ ነው። ሰው ገንዘቡን ተከትሎ ሄደ። «ገንዘብ አያነሳሳም» የሚለው ሥልጠና ራሱ ሰው የሚሞላው በአበሉ ነው!

ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

ይህን ሁሉ የሠራተኛና የአለቃ ጉዳይ አድርጎ የሚያነብ ካለ ተሳስቷል። ሒሳቡ በመጨረሻ የሚመጣው ለባለጉዳዩ ነው። ለኔና ለእናንተ።

የጤና ባለሙያዎችን ተመልከቱ። በኮቪድ ጊዜ ጀግኖች ተባሉ፣ ተጨበጨበላቸው። በግንቦት 2017 የደመወዝና የዱቲ ክፍያ ጥያቄያቸውን ይዘው ከፊል ሥራ ሲያቆሙ ግን ጭብጨባው ጠፋ፤ የታሰሩም ነበሩ። ጀግና ማለት እስካልጠየቀ ድረስ ነው እንዴ? ሥራ ማቆሙ ለታካሚው አደጋ ነው የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ። ግን ሌላውንም አደጋ እንቁጠር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጧት ሌላ ክሊኒክ የሚሮጠውን ሐኪም፣ ጀርመንኛ እየተማረ ቀን የሚቆጥረውን ነርስ። ይህ ዝምተኛ ሥራ ማቆም ነው። ማንም አያስርበትም፤ ማንም ግን አያድንም።

መምህሩንም እንዲሁ። «መምህር ሻማ ነው፤ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» እንላለን። ሻማም እኮ በገንዘብ ይገዛል። ቀልጦ ሲያልቅም ሌላ ይገዛል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው። አባቶች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አሉ። ተረቱን እንደ ነውር እንጠቅሰዋለን እንጂ እንደ ደመወዝ ሥርዓት አላየነውም። ሰውን ቁልፍ ቦታ ላይ አስቀምጦ የማይኖርበት ደመወዝ መስጠት፣ ቀሪውን ከባለጉዳዩ ፈልግ ብሎ መላክ ነው። ለሌባ ጥብቅና አልቆምም። በ6,000 ብር እጁን ንጹሕ አድርጎ የሚኖር ሞልቷል፤ በ39,000 የሚሰርቅም አለ። ሌብነት በደመወዝ ብቻ አይጠፋም። ያለ ደመወዝ ግን ታማኝነት በየቀኑ ጀግንነት ይጠይቃል፤ በጀግኖች ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ደግሞ የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የደመወዝ ቦርዱ በሥራ ይታይ። የመንግሥት ደመወዝ በዓመት አንድ ጊዜ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየታየ በሕግ ይስተካከል፤ እንደ በዓል ስጦታ በመግለጫ አይታወጅ። የትርፍ ሰዓትና የዱቲ ክፍያ በወሩ ይከፈል። የዕድገት ውድድር ውጤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሰርተፊኬቱን ስጡ፤ ያን ጊዜ ሰውየው በኩራት ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል።

«በጀት የለም» የሚል ኃላፊ ካለ አምነዋለሁ። ግን በጀት ከሌለ «በጀት የለም» ይበል። የሠራተኛውን ዓይን እያየ፣ ያለውን ቁጥር አስቀምጦ፣ መቼ ምን እንደሚሻሻል ይንገረው። ይህም ገንዘብ ያልሆነ ማበረታቻ ነው፤ ሰውን እንደ ሰው ማክበር ይባላል። ባዶ መሶብ ላይ አበባ አስቀምጦ «ብሉ» ማለት ግን ንቀት ነው፤ የሚርበው ሰው ደግሞ ንቀትን ለይቶ ያውቃል።